የእህቴ ዓይንና የአባቴ ነጭ ክር

ጥፋቱ የማን ነው ከተባለ ለሁላችንም የድርሻችንን ማካፈል ይቻላል። የመጀመሪያው ድርሻ ግን የዶክተሯ ይመስለኛል። አባቴ ያንን ነገር ሲላት "አይደለም" ማለት ነበረባት።

እህቴ ሁለቱንም ዓይኖቿን በሌዘር ታክማ ገና ከአልጋው ቀና እንዳለች፣ ዶክተሯ አባቴንና እኔን ወደ ውስጥ አስገባችን። ሌዘሩ የብሌኗን ቅርጽ እንዳስተካከለ፣ ለዚህ ሲባል ግን ብሌኑን የሚሸፍነው ስስ ቆዳ መነሣት እንደነበረበት ነገረችን። ቆዳው ከዳር ወደ መሃል በራሱ ተመልሶ ያድጋል፤ አራት አምስት ቀን ይፈጅበታል። እስከዚያ ድረስ የዓይኗ ቆብ በተርገበገበ ቁጥር ቁስሉን እንዳይፈገፍገው፣ ውሃ የመሰለ ለስላሳ ሌንስ በላዩ ተቀምጧል።

"ለማየት የሚረዳት ሌንስ አይደለም፤ ፋሻ ነው" አለች ዶክተሯ። "አይነካም፣ አይታሽም፣ አይወጣም። በአምስተኛው ቀን የማወጣው እኔ ነኝ። ድንገት በራሱ ከወደቀም መልሳችሁ ለማስገባት እንዳትሞክሩ፤ ደውሉልኝ።"

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። ራሱን በዝግታ ነቀነቀ።

"ገባኝ። ጊዜያዊ ስፌት ነው።"

"ምን አሉኝ?"

"እጅጌ ከመተከሉ በፊት በነጭ ክር ሰፋ ሰፋ አድርገን እናስይዘዋለን። ዋናው ስፌት ሲያልቅ ነጩ ክር ይነቀላል።"

በሩ ላይ አሥራ ሁለት ሰው ዶክተሯን ይጠብቃል። "እንደዚያ ሊሉት ይችላሉ" አለችው።

ነገሩ ያለቀው እዚያ ላይ ነው። አባቴ አንድን ነገር በስፌት ቋንቋ ከተረዳው፣ ከዚያ በኋላ በሌላ ቋንቋ የሚያስለቅቀው የለም።

እህቴ ዓይኗን የታከመችው ለቁንጅና አልነበረም። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል መነጽር አድርጋ አድጋለች፤ ጠልታውም አታውቅም ነበር። ነገር ግን ባቡር መንዳት ፈለገች። ለባቡር አሽከርካሪነት ሥልጠና የጽሑፉን ፈተና በአንደኝነት አለፈች፣ ቃለ መጠይቁንም አለፈች። በመጨረሻ የዓይን ምርመራ ክፍል አስገብተው "መነጽርሽን አውልቂና ግድግዳው ላይ ያለውን ፊደል አንብቢ" አሏት። "የቱ ግድግዳ ላይ?" ብላ ጠየቀች። ሳቁ። ሰዎቹ ደግ ነበሩና ቦታውን ለሁለት ወር ያዙላት፤ ያኔ ያለ መነጽር ካነበበች የሷ ነው፣ ካላነበበች ለቀጣዩ ተጠባባቂ ይሰጣል። እንግዲህ በእነዚያ በማይታዩ ሁለት ሌንሶች ላይ አንድ ሙሉ ባቡር ተጭኖባቸዋል ማለት ነው።

አባቴ ደግሞ ከወዲሁ የአሽከርካሪዎቹን የደንብ ልብስ ዓይቶ ጥቁር ሰማያዊ ጃኬት ቆርጦላት ነበር። ተዘጋጅቶ የሚሰጠውን ልብስ አያምንም። ጃኬቱ ኮሌታው፣ ኪሱ፣ ገበሩ አልቆ፣ እጅጌዎቹ ብቻ በነጭ ክር ተይዘው ሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። "ያለፍሽ ቀን እተክለዋለሁ" ብሏታል።

ቤታችን ከልብስ ስፌት ሱቁ ጀርባ ነው፤ በመሃላችን ያለው አንድ መጋረጃ ነው። የእህቴን መስኮት በጥቁር ገበር ጋረድነው። እናቴ ሌላ ከተማ የወለደች አክስቴን ልታርስ ሄዳ ስለነበር፣ እኔም ከአንድ ሥራ ለቅቄ ሌላው እስኪጀምር እቤት ስለነበርኩ፣ የጠብታው ኃላፊ ሆንኩ። ሦስት ዓይነት ጠብታ ነው፤ በአንዱና በሌላው መካከል አምስት ደቂቃ መቆየት አለበት። ሰንጠረዥ ሠርቼ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። እህቴ ስሜን ትታ "ጠብታ" ትለኝ ጀመር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከባድ ነበሩ። ዓይኗ እንደ ቧንቧ ይፈሳል፣ ብርሃን ያቃጥላታል፣ አሸዋ የተበተነበት ይመስላታል።

"አንተ ጠብታ" ትለኛለች ጨለማው ውስጥ ሆና፣ "ምን ያህል ሽንኩርት ነው የምትከትፉት?"

"ማንም ሽንኩርት አልከተፈም፣ እታለም።"

"እንግዲያው ያለ ሽንኩርት እያለቀስኩ ነው። ይህን ለእማዬ እንዳትነግራት፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ ትመጣለች።"

አባቴ በየጠዋቱ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ "ስፌቱ እንዴት አደረ?" ይላል። እኔ "ደህና ነው፣ ገና ሦስት ቀን ይቀረዋል" ስለው አይጥመውም። ነጭ ክር ከቀኑ በላይ ከቆየ ጨርቅ ላይ ምልክት ይተዋል፤ ከፋይ ጨርቅ ላይ ደግሞ ከሁለት ቀን በላይ ማቆየት ወንጀል ነው። ብሌን ከከፋይ ይበልጥ እንደሚሳሳ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ይህን የሚያስረዳው ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለኦቨርሎክ ጭምር ነው።

ኦቨርሎክ የምንለው ከአባቴ ጋር ሃያ ዓመት የሠራውን ዘምዛሚ ነው። ቀኑን ሙሉ በኦቨርሎክ ማሽን የጨርቅ ጫፍ ይዘመዝማል፤ በዚያው የሰውንም ንግግር ጫፍ እየያዘ መዘምዘም ልማድ ሆኖበታል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እህቴ ነቃችና "ዛሬ ምንም አላመመኝም" አለች።

የካውያው ድምፅ በመጋረጃው ማዶ ቀጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ የምድጃ ክብሪት ሲጫር ሰማሁ። ብቅ ስል አባቴ በትንሽ ድስት ወረንጦ እየቀቀለ ነው፤ ኦቨርሎክ ማሽኑ ውስጥ ክር የሚያሳልፍበት፣ አፉ ቀጭን የሆነው ወረንጦ።

"አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ሕመሙ ቆመ ማለት ስፌቱ ያዘ ማለት ነው።"

"አምስተኛው ቀን ነው ያለችው እኮ።"

"አምስተኛው ቀን ያለችው የኔን ልጅ ስለማታውቃት ነው። የሷ ቁስል ቶሎ ነው የሚድነው። ትንሽ ሆና ጉልበቷ ሲላጥ በሁለተኛው ቀን ትሮጥ ነበር።"

"ያ ጉልበት ነው።"

"ቆዳ አይደለም?"

"ቆዳማ ቆዳ ነው" አለ ኦቨርሎክ ጫፉን ይዞ።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?" አልኩት አባቴን። ይህን ተረት ደንበኛ ሲያጣድፈው የሚጠቀምበት እሱ ራሱ ነው፤ በራሱ ሜትር ሲለኩት ደስ አይለውም። መልስ ከመፈለጉ በፊት እህቴ ከውስጥ ተናገረች።

"አባዬ፣ ወረንጦ ይዞ ወደ ዓይኔ የመጣ ሰው ባቡሬ ላይ አይሳፈርም።"

አባቴ እሳቱን አጠፋ። "እሺ፣ ውሃው ይቀዝቅዝ" አለ። ወረንጦውን ግን ከድስቱ አላወጣውም።

እውነት ለመናገር አባቴ ሞኝ አይደለም። ምሳሌው ጥሩ ምሳሌ ነበር። ጨርቁ አንድ ነገር ነው፣ ስፌቱ ሌላ ነገር ነው፤ የሚይዘው ክር ጊዜያዊ ነው። የሳተው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚህ ስፌቱን የሚሠራው ልብስ ሰፊ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ እህቴ መኝታ ሰለቻትና ጥቁር መነጽሯን አድርጋ መጋረጃውን አልፋ ወጣች፤ ሱቁ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሠፈራችን ያለው ፀጉር አስተካካይ ጃኬት ሊለካ መጥቶ፣ በአንድ እጅጌ መስታወት ፊት ቆሟል። ኦቨርሎክ ሥራው ላይ ነው። እኔ ጠብታ ይዤ አምስት ደቂቃዬን እቆጥራለሁ። እህቴ መነጽሯን አውልቃ እንባዋን ጉንጯ ላይ ጠረገች፤ ከዚያ አንድ ዓይኗን ሸፍና ሌላውን ሞከረች።

"የግራው ጭጋግ ሆነብኝ" አለች። "ጠዋት ይሻለው ነበር። ሌንሱ ወልቋል።"

አባቴ መቀሱን አስቀመጠ። "እግር ይቁም" አለ።

ይህ የሱቃችን ሕግ ነው። መርፌ የወደቀ ጊዜ "እግር ይቁም" ይባላል፤ ደንበኛም ይሁን የቤት ሰው ካለበት ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ሁሉም ባለበት ተንበርክኮ ከግድግዳ ወደ መሃል እየፈለገ ይመጣል። አባቴ መርፌዎቹን ጠዋት ቆጥሮ ያወጣል፣ ማታ ቆጥሮ ያስገባል። አንዲት መርፌ ብቻ አምልጣው ታውቃለች፤ የተገኘችው አንድ ሙሽራ በሠርጉ ዕለት ወንበር ላይ ሲቀመጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ ሕግ ቀልድ አያውቅም።

ስለዚህ አምስታችን ተንበረከክን። አባቴ ከልማድ ብዛት ማግኔቱንም አወጣ። ማግኔት ሌንስ እንደማይስብ ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ግን ሰዓቱ አልነበረም።

"ፀጉር ቢሆን እስካሁን አገኘው ነበር" አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ እጅጌ በሌለው እጁ ወለሉን እየዳሰሰ።

ኦቨርሎክ ጣቱን በምራቁ እያረጠበ ወለሉን ይነካካል። ከጠረጴዛው እግር ሥር ሲደርስ ቆመ። "ይኸው" አለ። ጣቱ ጫፍ ላይ ውሃ የመሰለች፣ ክብ፣ እንደ ትንሽ ሳህን ጎድጎድ ያለች ነገር ተጣብቃለች።

አባቴ ተቀበለው። እጁን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ ወደ ብርሃኑ አራቀውና ተመለከተው።

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እሱ ነው።"

"ጠንከር አላለም?" አልኩ።

"ደርቆ ነው። ውሃ ውስጥ ይለሰልሳል።"

ብርጭቆ ውሃ ቀድቶ ውስጡ ጨመረው። ከዚያ ወደ ድስቱ ሄደና ወረንጦውን አወጣ። "ክፍት ሆኖ አየር ሳይገባው አሁኑኑ እንመልሰው። እጄ እንደሆነ አይንቀጠቀጥም።"

በአባቴና በእህቴ መካከል ገብቼ ቆምኩ። በሕይወቴ መንገድ ዘግቼበት አላውቅም። "መልሳችሁ እንዳታስገቡ ብላለች። አንተም ሰምተሃል።"

"ልጄ፣ ዞር በል።"

"አልዞርም፣ አባዬ።"

ኦቨርሎክ እንኳ የሚዘመዝመው ጫፍ አጣ። ያኔ እህቴ ተናገረች፤ የዚያን ዕለት የተናገረችው ቀልድ ያልነበረበት ነገር ይህ ብቻ ነው።

"ጠብታ፣ ባቡሩ አመለጠኝ ማለት ነው?"

አባቴ ወረንጦውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "ደውልላት" አለኝ።

ዶክተሯ አላስጨረሰችኝም። "አሁኑኑ አምጣት። ማንም ምንም እንዳይነካ" አለች።

ታክሲ ያዝን። አባቴ ብርጭቆውን በስኒ ማስቀመጫ ከድኖ በሁለት እጁ ይዞታል፤ ታክሲው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ከመቀመጫው ከፍ ይላል፣ ውሃው ግን ጠብ አይልም። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛ ስለሚጠብቀው ወደ ሱቁ ሮጠ። ጃኬቱን የሚያወልቅለት ሰው ስላልነበረና ራሱ እንዳያወልቀው እስፒል ፈርቶ፣ የዚያን ዕለት ከሰዓት በአንድ እጅጌ ሲቆርጥ እንደዋለ ሰምተናል።

"እኔ ነኝ" አለኝ አባቴ በጆሮዬ። "ይነቀል፣ ይነቀል ስል ነው የተነቀለው።"

"በአፍ አይነቀልም፣ አባዬ።"

"አንተ አታውቅም።"

ክሊኒኩ እንደደረስን ዶክተሯ እህቴን ማጉያው ፊት አስቀመጠቻት። አገጯን አስደግፋ ግራውን አየች፣ ቀኙን አየች፣ ግራውን ደግማ አየች።

"ሁለቱም አሉ" አለች።

"ምኖቹ?" አለ አባቴ።

"ሌንሶቹ። ሁለቱም ቦታቸው ላይ ናቸው። አልወደቀም።"

እህቴ አገጯን ከማስደገፊያው ሳታነሣ "ታዲያ ለምን ጭጋግ ሆነብኝ?" ብላ ጠየቀች።

"እየዳንሽ ስለሆነ ነው። ቆዳው ከዳር ዳር መጥቶ መሃል ላይ ሊገናኝ ነው። የሚገናኝበት ቦታ መጀመሪያ ጉብ ይላል፤ ልክ በምታዪበት መሃል ላይ ስለሆነ ያደበዝዝብሻል። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ብዙ ሰው ይደነግጣል። አስቀድሜ ልነግራችሁ ይገባ ነበር።"

አባቴ ፊቱ ፈካ። "ስፌት የሚገናኝበት ቦታ ጉብ ይላል። ካውያ አያስፈልገውም?"

"አያስፈልገውም" አለች ዶክተሯ ቶሎ ብላ። ያለፈው ጊዜ ትምህርት ሆኗት ነበር። "አባቴ፣ እዚህ ሰፊው ዓይኗ ራሱ ነው። የእኔም የእርስዎም ሥራ እጃችንን መሰብሰብ ነው።"

ከዚያ ዓይኗ ብርጭቆው ላይ አረፈ። "ይሄስ ምንድን ነው?"

አባቴ ብርጭቆውን ዘረጋላት። ክዳኑን አንሥታ፣ ያችን ክብ ነገር በራሷ ወረንጦ አወጣችና መብራቱ ሥር ያዘቻት።

"መሃሉ ላይ ቀዳዳ አለው" አለች። "ክር የሚገባበት።"

ያኔ ገባኝ። ባለፈው ሳምንት አባቴ አንድ የእራት ቀሚስ ሰፍቶ ነበር፤ ደረቱ በሙሉ ውሃ በመሰለ ብልጭልጭ የተሸፈነ። አንዷ ጠፍታበት ሁለት ቀን ሲነጫነጭ ነበር።

"ዓይን ውስጥ ልትከቱት ነበር?" ዶክተሯ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ይሄ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ባቡር አይሆንም ነበር።"

አባቴ ግድግዳውን ተደገፈ። አንዲት መርፌ ያመለጠችው ዕለት እንኳ እንዲህ ሆኖ አላየሁትም።

"ይሄ ሌንስ ነው ብሎ ያረጋገጠው ማነው?" አለች።

"እኔ ነኝ" አለ።

"ኑ፣ እዚህ ይቀመጡ።"

"ታማሚዋ እሷ ናት።"

"ይቀመጡ።"

ትንሽ ጽሑፍ ያለበት ካርድ ሰጠችው። አባቴ ካርዱን ያዘና እጁን መዘርጋት ጀመረ። ክርኑ እስኪቃና ዘረጋ፤ ከዚያ ራሱን ወደ ኋላ ለጠጠ።

"ዓይኔ ደህና ነው። እጄ ነው ያጠረኝ" አለ።

"ስድስት ዓመት ሙሉ መርፌህ ላይ ክር የሚያስገባልህ ኦቨርሎክ ነው" አለች እህቴ በጥቁር መነጽሯ ውስጥ ሆና። "ጀርባህን ስታዞር ይቀበልሃል። እኔ እንኳ አይቻለሁ፣ ያለ መነጽር።"

ዶክተሯ ለእህቴ የእንባ ጠብታ ጨመረችላት። ለአባቴ የንባብ መነጽር አዘዘችለት። ስንመለስ አባቴ ባዶውን ብርጭቆ ይዞ መጣ፤ ቤት እንደገባ ወረንጦውን ለኦቨርሎክ መለሰለት።

ቀሪዎቹን ሁለት ቀናት መጋረጃው ጋ ቁጭ ብሎ ጠባቂ ሆነ። እንደ ዓይን ብሌን መጠበቅ ሲባል የምንሰማው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አየሁ። እህቴ እጇን ወደ ፊቷ ካነሣች "እጅ ይቁም" ይላል። እኔንም ጠብታ ስጨምር ሰዓት ይይዝብኛል፤ አራት ደቂቃ ተኩል ላይ ከጀመርኩ ያስቆመኛል።

በአምስተኛው ቀን ዶክተሯ ሌንሶቹን አወጣች። እያንዳንዳቸው አምስት ሰከንድ አልፈጁም። አባቴ ለማየት ለመናት፤ አንዷን ጣቱ ጫፍ ላይ አስቀመጠችለት። አዲሱን መነጽር አጥልቆ ብዙ ቆየ።

"እንዲህ ስስ የሆነ ገበር አይቼ አላውቅም" አለ በመጨረሻ። "ምልክትም አልተወ።"

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ቀጥ ያሉ አልነበሩም። አንድ ቀን እህቴ ከመንገዱ ማዶ የፋርማሲውን ሰሌዳ ታነባለች፤ በማግስቱ ፋርማሲው ራሱ ይጠፋባታል። ዶክተሯ "ይረጋል፣ ጠብቁ" እያለች ትመልሰናለች። ጃኬቱ ግድግዳው ላይ እጅጌዎቹ በነጭ ክር እንደተያዙ ተሰቅሏል። አባቴ አይነካውም፣ አያነሣውም፤ ደንበኛ "የማነው?" ሲለው "ቀኑ ያልደረሰ ልብስ ነው" ይላል።

የምርመራው ቀን እህቴ ብቻዋን ሄደች። አባቴ ሱቁ ውስጥ አንድ ሱሪ ላይ ዋለ፤ አንዱን እግር ሦስት ጊዜ ፈታው። ኦቨርሎክ ማሽኑ ላይ አቀርቅሯል። እኔም የምይዘው ጠብታ ስለሌለኝ እጄ የሚገባበት አጣ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ቆመች። ፊቷ ምንም አይልም። የሱቁን ርዝመት አሻግራ አባቴ ፊት ጠረጴዛው ላይ ያለውን የክር ጥቅል ተመለከተች፤ ጥቅሉ አናት ላይ ጥፍር የማያህል ወረቀት ተለጥፎበታል።

"ቁጥር ሃምሳ" አለች። "ቀለሙ ሰባት መቶ አሥራ ሁለት። ምርመራ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ያለው ፊደል ከዚህ ይተልቃል፣ አባዬ።"

አባቴ መነጽሩን አደረገ። ክሩን ቆርጦ ጫፉን አሾለና ራሱ መርፌው ውስጥ አስገባው። ኦቨርሎክ ሊቀበለው እጁን ዘርግቶ ነበር፤ እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ። የዚያን ዕለት ከሰዓት እጅጌዎቹ ተተከሉ። ሲያልቅ ጃኬቱን አለበሳትና ትንሿን መቀስ ሰጣት።

"ነጩን ክር አንቺ ንቀይው። የመንቀያው ቀን ዛሬ ነው።"

መስታወቱ ፊት ቆማ አንድ በአንድ ነቀለችው፤ ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን። ትከሻዋን አሽከረከረች። "የቀረ የለም" አለች።

"አንድ ቀርቷል" አለ አባቴ፣ ከመነጽሩ በላይ እያየ ሳይሆን በመነጽሩ ውስጥ እያየ። "ብብትሽ ሥር። አንቺ አላየሽውም፣ እኔ አይቼዋለሁ።" ደስታውን መደበቅ አልቻለም። ከኦቨርሎክ ማሽን ላይ ወረንጦውን አንሥቶ ወደሷ መጣ። "እንዳትንቀሳቀሺ።"

እህቴ እጇን አነሣችለት።

"ቀቅለኸዋል?" አለችው።